አራት ወር በሰው አገር፦ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎች ምን ይገጥማቸዋል?



ባለፈው ክረምት ለሥራ ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ሄጄ ሳለሁ፣ በውሃ ጉድጓዱ ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ ያዥ የሆኑ አንዲት እናት ስብሰባው እንዳለቀ ለብቻዬ ጠሩኝ። ከመቀነታቸው ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ልጃቸው ለአንድ ሴሚስተር ስዊድን አገር እንዲማር መመረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። እንግሊዝኛውን ተርጉሜ ከጨረስሁላቸው በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ለዲግሪ ከሆነስ ይሁን፤ አራት ወር ተምሮ ግን ምን ይሆነዋል? ጤፍ እንኳ ተዘርቶ እስኪታጨድ አራት ወር ይፈጃል» አሉኝ።

ያን ጊዜ የሰጠኋቸው መልስ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «ዕድል ነው፣ እማማ» ብቻ ነበር ያልሁት። እኔ የተማርሁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲሆን ከአገር የወጣሁትም ለአጫጭር ስብሰባ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ለአንድ ሴሚስተር ሄደው የተመለሱ ሁለት ኢትዮጵያውያንን፣ እንዲሁም ወደ እኛ አገር መጥታ የተማረች አንዲት ስዊድናዊት ፈልጌ አነጋገርሁ። ስማችን አይጠቀስ ስላሉ አልጠቅሰውም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የተማሪዎችን ወጪ በመሸፈን የምትረዱ በመሆናችሁ፣ የሰማሁትንና ያነበብሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ለትምህርት ከአገር መውጣት ጥንታዊ ነገር ነው። የእኛው ኦኔሲሞስ ነሲብ እንኳ በ1870ዎቹ ዓመታት ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ለአምስት ዓመት ያህል ተምሮ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ሄዶ እዚያው መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ በአገር ቤት የተጀመረውን ዲግሪ ሳያቋርጡ ለጥቂት ወራት ደርሶ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ከተጀመረ መቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። በ1923 በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሬይመንድ ከርክብራይድ ስምንት ተማሪዎችን በመርከብ ይዞ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ሰውየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ነበር። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ናንሲ በምትባል ከተማ ቋንቋውን አጠኑ፤ ከዚያም በፓሪስ ሶርቦን ገብተው ተማሩ። ያደሩትም በፈረንሳውያን ቤተሰቦች ቤት ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በአውሮፓ ደግሞ ነገሩን ያንቀሳቀሱት ሶፊያ ኮራዲ የተባሉ ኢጣሊያዊት ናቸው። በ1958 በኒውዮርክ ከሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የማስተርስ ዲግሪ ይዘው ወደ ሮም ተመለሱ። በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን ትምህርት ለመጨረስ በአሜሪካ የተማሩት ይታሰብልኝ ብለው ቢጠይቁ፣ ተዘባብተውባቸው መለሷቸው። ኮራዲ ያን ቀን አልረሱትም። ከ1969 ጀምሮ ሐሳባቸውን በጽሑፍ እያቀረቡ ባለ ሥልጣኖችን ሲያስቸግሩ ኖሩ። በመጨረሻም በ1987 «ኢራስመስ» የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ በ11 አገሮች ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት የሄዱት 3,244 ተማሪዎች ነበሩ። ስሙ የግሪኩን አዲስ ኪዳን በ1516 ያሳተመውን የሮተርዳሙን ኢራስመስ የሚያስታውስ ነው። ኮራዲም «እማማ ኢራስመስ» እየተባሉ ኖረው በ2025 ዐረፉ። ከ2015 ወዲህ ይኸው በር ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች ተማሪዎችም ተከፍቷል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በወረቀቱ ላይ ተማሪው የሚወስዳቸው ኮርሶችና በአገሩ የሚተኩለት ኮርሶች ይዘረዘራሉ። የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት በአውሮፓ አቆጣጠር 30 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው ተብሎ ይታሰባል። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፈልም፤ ለኑሮ ድጎማ ይሰጣል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ምሽት

ወንድማችን በነሐሴ መጨረሻ ኡፕሳላ ከተማ ገባ። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1477 የተመሠረተ በመሆኑ በሰሜን አውሮፓ ካሉት የስካንዲኔቪያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ክፍል የተሰጠው ፍሎግስታ በሚባለው የተማሪዎች ሰፈር ነበር። በዚያ ረጃጅም ፎቆች ተደርድረዋል፤ በአንድ ኮሪደር ላይ የሚኖሩት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍል ሲኖራቸው ወጥ ቤቱን በጋራ ይጠቀማሉ።

«ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ከየፎቁ መስኮት የሰው ጩኸት ተነሣ» አለኝ። «ቃጠሎ ወይም ጦርነት መስሎኝ የጫማዬን ክር ሳላስር በደረጃው ወረድሁ። ታች ስደርስ አንዲት ልጅ ብስክሌቷን ትቆልፋለች። ቀና ብላ በእርጋታ ሰላም አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች።» ለካስ በፍሎግስታ በየምሽቱ በዚያች ሰዓት መስኮት ከፍቶ መጮኽ የተማሪዎች የቆየ ልማድ ኖሯል።

በማግሥቱ ትምህርት ክፍል ሄደ። ፕሮግራሙ በእነርሱ ሰዓት 10 ይላል። እርሱ ከአሥር ደቂቃ በፊት ቢደርስ ክፍሉ ባዶ ነው፤ 10 ሰዓት ሲሆንም ባዶ ነው። ተሳስቻለሁ ብሎ ሊወጣ ሲል ተማሪው ሁሉ ገባ፤ ትምህርቱ ልክ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በመርሐ ግብሩ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መጀመር ደንብ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። የአሥራ ስድስተኛዋ ደቂቃ ግን መዘግየት ናት።

መምህሩ ሽበታም ሰው ናቸው። «በስሜ ጥሩኝ» አሉ። ስዊድናውያን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ለምደዋል። በ1967 የሕክምና ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ብሮር ሬክሴድ ሠራተኞቹን ሁሉ በየስማቸው እንደሚጠሩ፣ እርሳቸውም እንዲሁ እንዲጠሩ በይፋ መናገራቸው ለዚህ ለውጥ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። ወንድማችን ግን የአባቱን እኩያ በስም መጥራት አፉ እንቢ አለው። «ሴሚስተሩን ሙሉ ይቅርታ እያልሁ ነው የጠራኋቸው» ብሎ ሳቀ። «ስማቸው ይቅርታ የሆነ እስኪመስል ድረስ።»

ትምህርቱ

በስዊድን ተማሪ አራት አምስት ኮርስ በአንድ ላይ አይወስድም፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን በአምስት ሳምንት ያህል ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል። ወንድማችን በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ክፍል እንደሚገባ ባወቀ ጊዜ ዕረፍት ላይ ያለ መስሎት ነበር። የቀረው ሰዓት የንባብ መሆኑን የተረዳው ውይይት ሲጀመር ነው። መምህሩ ወደ እርሱ ዘወር ብለው «የዚህ መጽሐፍ ድካም ምን ይመስልሃል?» ሲሉት፣ መጽሐፉን የጻፉትን ፕሮፌሰር በአደባባይ መንቀፍ ድፍረት ስለመሰለው «መጽሐፉ ጥሩ ነው» አለ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንድ በአንድ ድካሙን ዘረዘሩ። «እኔ ከእነርሱ ይልቅ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ግን አልተናገርሁም» አለኝ። ይህ ቁጭት አሁንም ከድምፁ አልጠፋም።

ከዚህ የከበደ ነገርም ነበር። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ረቂቅ ሲያሳይ ከመጻሕፍት ዓረፍተ ነገሮችን እንዳሉ ገልብጦ፣ የማን እንደሆኑ ሳያመለክት አስገብቷቸው ነበር። በትምህርት ቤታችን የመጽሐፉን ቃል በትክክል መጻፍ የጉብዝና ምልክት ሆኖ ስንሸለምበት ኖረን፣ ይህ ስርቆት ነው መባሉ ግራ ያጋባል። መምህሩ ለብቻው ጠርተው አስረዱት። እንዲህ ያለው ጥፋት በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ቢገኝ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል፤ በስዊድን ደንብ ተማሪው እስከ ስድስት ወር ሊታገድ ይችላል። ስድስት ወር ማለት ደግሞ ከእርሱ የቆይታ ጊዜ ይበልጣል። ወንድማችን ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ደግሞ ጻፈው። ዛሬ ከዚያ አገር ካመጣው ነገር ሁሉ የሚበልጥበት የቱ እንደሆነ ብጠይቀው «ይህ የማነው? የእኔስ የትኛው ነው? ብሎ መጻፍ» አለኝ።

ኅዳር

ከሁሉ የከበደው ግን ትምህርቱ አልነበረም፤ ወጥ ቤቱ ነበር።

በጋራው ወጥ ቤት እያንዳንዱ ተማሪ በማቀዝቀዣው ውስጥ የራሱ መደርደሪያ አለው። የራሱን ያበስላል፤ የራሱን በልቶ ሳህኑን አጥቦ ይሄዳል። ወንድማችን ምግቡን ባቀረበ ቁጥር በዚያ ያለውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ እነርሱም አመስግነው ወደ ሳህናቸው ይመለሳሉ። ማንም ደግሞ እርሱን ና ብላ አይለውም። ንቀት አልነበረም። በእነርሱ ዘንድ የሰው ምግብ አለመንካት ጨዋነት ነው። እርሱ ግን ይህን በአእምሮው ቢያውቀውም ሆዱ አልተረዳውም፤ ጥቂት ቆይቶ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ እየገባ መብላት ጀመረ።

በዚህ ላይ ጨለማው መጣ። በዚያ አገር ቀኑ ከጥቅምት በኋላ እያጠረ ሄዶ በታኅሣሥ ወር በኡፕሳላ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በእነርሱ ኅዳር ወር አጋማሽ ወንድማችን ክፍል ከመግባት በቀር ከቤት መውጣት ተወ። ወደ ቤቱ ሲደውል «ደኅና ነኝ» ይላል፤ የቲኬቱን ቀን ማስቀየር ስንት እንደሚያስከፍልም ጠይቆ ነበር። አንድ ምሽት ያቺ የጩኸት ሰዓት ስትደርስ መስኮቱን ከፍቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ከፎቆቹ ሁሉ መልሰው ጮኹለት፤ ያለውን ግን የተረዳ አልነበረም።

ይህ ድካም የእርሱ ብቻ አይደለም። በ1955 ስቬሬ ሊስጎርድ የተባለ የኖርዌይ ምሁር ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ ሁለት መቶ ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ የእንግድነት ኑሮ በመጀመሪያ ደስታ፣ በመካከል ዝቅታ፣ በኋላ መልመድ እንዳለው ጻፈ። በ1960ም ካሌርቮ ኦበርግ ይህንን ዝቅታ «የባህል ድንጋጤ» ብሎ በሰፊው አሳወቀው። እርግጥ ሁሉም በዚህ መስመር አይሄድም፤ በ1998 በኒውዚላንድ በሚማሩ ጃፓናውያን ላይ የተደረገ ጥናት ከሁሉ የከበደው ገና የደረሱበት ጊዜ እንደነበረ አሳይቷል። እኔ ያነጋገርኋቸው ሦስቱም ግን ከሁለተኛው ወር በኋላ መውረዳቸውን ነገሩኝ። የአንድ ሴሚስተር ችግሩም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተማሪው ገና ከጉድጓዱ መውጣት ሲጀምር የመመለሻው ቀን ይደርሳል።

ወንድማችንን ያወጣው ነገር የሚያስቅ ነው። በዚያ ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በየሰዓቱ ተራ ይያዝለታል። እርሱ ተራ ሳይዝ ገብቶ የሌላ ሰው ሰዓት በላ፤ በማግሥቱም በሩ ላይ የቁጣ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ይቅርታ ለመጠየቅ የጻፈውን ሰው ሲፈልግ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ከሰሜን ስዊድን የመጣ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከቁጣው የተነሣ አፍሮ ቡና አፈላለት። ከዚያም ወደ አያቶቹ ቤት ይዞት ሄደ። እነርሱ ታኅሣሥ 13 ቀን በሚያከብሩት የሉሲያ በዓል፣ ልጃገረዶች በራሳቸው ላይ ሻማ አድርገው ሲዘምሩ፣ ወንድማችን በሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። አያትየውም ሳህኑ ላይ ያለ ፈቃዱ ዳቦ ጨመሩለት። «ያን ጊዜ አለቀስሁ» አለኝ። በጥር አጋማሽ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዴላዌር የተጀመረው ጊዜ ተማሪዎቹ በቤተሰብ ቤት ማደራቸውን ልብ በሉልኝ ያልሁት ለዚህ ነው። ዛሬ ተማሪው የሚቀበለው ቁልፍና የኢንተርኔት የይለፍ ቃል ነው፤ የሚቀበለው ሰው ግን የለም።

ወዲህ የመጣችው

ስዊድናዊቷ ልጅ በእኛ አገር የገጠማት ተቃራኒው ነው። «ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዬን አልተውኝም» ትላለች። ያረፈችበት ቤት እናት፣ ክፍሏን ዘግታ ስታነብ የታመመች ወይም የተከፋች መስሏቸው በየጊዜው እያንኳኩ ሻይ ያመጡላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ «ነገ 3 ሰዓት ቢሮ ነይ» ብሏት እርሷ ከቀኑ 9 ሰዓት ደረሰች፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይታ። በኅዳር ወር እርሷም አለቀሰች። ምክንያቱ ሰው መብዛቱ ነበር። እኛ እንግዳ መቀበል እናውቃለን እንላለን፤ እውነት ነው። እንግዳው በሩን ሲዘጋ መተውን ግን አናውቅበትም።

«ለምን ተመለስሽ?»

ሁለተኛዋ እኅታችን ወደ ጀርመን ነበር የሄደችው። ስለ ትምህርቱ ብዙ አልነገረችኝም፤ ጎበዝ ስለሆነች አልከበዳትም። የነገረችኝ ስለ ገንዘብና ስለ መመለስ ነው።

ድጎማው ለአንድ ሰው መኖሪያ የተመደበ ነው። ቤተሰቦቿ ግን ጀርመን ገብታለች የሚለውን እንጂ ለአምስት ወር ነው የሚለውን አልሰሙም። ምስርና ሩዝ እየበላች ከድጎማዋ ለታናሽ ወንድሟ ትልክ ነበር። በጀርመን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሱቅ ሲመለስ 25 ሳንቲም ይከፈላል፤ ተማሪዎች በየመናፈሻው ጥለውት የሄዱትን ጠርሙስ በሌሊት እየለቀመች ትመልስ እንደነበር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከሁሉ የበለጠው ግን ቦሌ ከወረደች በኋላ የጠበቃት ጥያቄ ነው። አጎቷ፣ ጎረቤቱ፣ የቀድሞ አስተማሪዋ ሳይቀሩ «ለምን ተመለስሽ?» አሏት። እንደ ሰነፍ ቆጠሯት። የገባችውን ፊርማ፣ እርሷ ብትቀር ከእርሷ በኋላ ለሚመረጡት ልጆች በሩ ሊዘጋባቸው እንደሚችል ለማስረዳት ሞከረች፤ ሰሚ አላገኘችም። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ምሁራን በ1963 የተመለሰ ሰው በገዛ አገሩ ሁለተኛ ዝቅታ እንደሚገጥመው ጽፈዋል። እነርሱ ግን ሰው በመመለሱ ሲወቀስ ያዩ አይመስለኝም።

ወንድማችን የገጠመው ሌላ ነው። ከወሰዳቸው አራት ኮርሶች ሁለቱን የገዛ ዲፓርትመንቱ አልቀበልም አለው። ከመሄዱ በፊት የተፈረመው ወረቀት ላይ ከነበሩት ኮርሶች ሁለቱ በኡፕሳላ በዚያ ሴሚስተር ስላልተሰጡ በሌላ ቀይሯቸው ነበር፤ ለውጡን ግን አገር ቤት ያሉት አልፈረሙበትም። ጓደኞቹ በሰኔ ሲመረቁ እርሱ ሁለት ኮርስ ይዞ ቀረ። ሶፊያ ኮራዲ በ1958 የተዘባበቱባቸው ነገር ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ በእኛ ሬጂስትራር መስኮት ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ያም ሆኖ ሦስቱንም «ዳግም ብትጠየቁ ትሄዳላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም እንሄዳለን አሉ። እኅታችን ብቻ «ለአንድ ዓመት ከሆነ» ብላ ጨመረች፤ እኔም ከእርሷ ጋር እስማማለሁ።

ወደ እናትየዋ ስመለስ እነዚህን ነገሮች ይዤ ሄድሁ። የኮርሱ ዝርዝር ከተቀየረ በዚያው ሳምንት ለዲፓርትመንቱ ጽፎ በፊርማ ያስለውጥ፤ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘትና የንባብ ዝርዝር ይዞ ይመለስ፤ ወፍራም ካፖርት እዚህ አይግዛ፣ እዚያ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፤ በከተማው ያሉትን ኢትዮጵያውያን ከመጀመሪያው ሳምንት ይፈልግ፣ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ብቻ አይዋል። ለእርሳቸው ደግሞ ሁለት ነገር ነገርኋቸው። በመስከረም ሲደውል ደስተኛ ነውና አያስቡ፤ በእነርሱ ኅዳር ግን እርስዎ ይደውሉ፣ ደኅና ነኝ ቢልም ስልኩን ቶሎ አይዝጉ። ሲመለስም ለምን መጣህ የሚለው ሰው ካለ እርስዎ ይመልሱለት።

እርሳቸውም ካዳመጡኝ በኋላ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄዱ። «የእነርሱ ኅዳር በእኛ መቼ ይገባል?» አሉኝ። ጥቅምት 22 አልኋቸው። ከኮሚቴው መዝገብ ውስጥ እስክሪብቶ አውጥተው ቀኑን ከበቡት።